ዋልካ፣ ኩበትና እኔ፦ የቦሩ ሜዳ ጓሮዬ ማስታወሻ

ጥቅምት 20 ቀን 2017

የቤቴን ቁልፍ መሬት ዋጠው። ጓሮ ቆሜ ስልክ ሳወራ ከእጄ አመለጠና ስንጥቅ ውስጥ ገባ። እጄን ብሰድ እስከ አንጓዬ ገባ፣ ቁልፉ ግን የለም። ዶማ አምጥቼ አንድ ክንድ ያህል ቆፈርኩ። ቁልፉ ተገኘ። ያልተገኘው ትል ነው። ያን ሁሉ አፈር ገልብጬ አንዲት የምድር ትል አላየሁም።

ቦሩ ሜዳ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። እዚህ ለሚኖር ሰው ግን ቦሩ ሜዳ ማለት ብርድና ጭቃ ነው። የእኔ ጓሮ ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ይቀማል፣ በጋ ላይ ቁልፍ ይውጣል። ጎመኔ በነሐሴ ውሃ ቋጥሮበት ሥሩ ይበሰብሳል፣ በታህሳስ ደግሞ በጥም ይጠወልጋል። እዚያው መሬት ላይ፣ ያው ጎመን።

ዘንድሮ ቆርጫለሁ። ጓሮዬ 8 ሜትር በ6 ሜትር ናት። አፈሯን አስተካክላለሁ። የሠራሁትንም ያበላሸሁትንም እዚሁ እጽፋለሁ።

ከማበላሸቱ ልጀምር። አምና አንድ ወዳጄ «የዋልካ መድኃኒቱ አሸዋ ነው» አለኝ። እኔም አምኜ ሦስት ጋሪ አሸዋ አስገለበጥኩ። ቆፈርኩ፣ ቀላቀልኩ፣ አጠጣሁ። ሲደርቅ ብሎኬት ሆነ። ዶማው ሲያርፍበት ድምፅ ያወጣል። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። አሸዋ ዋልካን የሚለውጠው የአፈሩን ግማሽ ያህል ሲሆን ነው። ከዚያ ባነሰ መጠን ዋልካው በአሸዋው መሀል ገብቶ እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል። ለጓሮዬ ግማሽ አሸዋ ማለት ስንት ጋሪ እንደሆነ አስቤው ተውኩት።

ጥቅምት 22

ዛሬ አፈሬን በሃይላንድ መዘንኩት። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ወሰድኩ፤ ሲሶውን በደቀቀ አፈር ሞላሁ፤ ውሃ ጨመርኩ፤ ጫፍ ማንኪያ ኦሞ ጣል አደረግኩበት። ኦሞው የተጣበቀውን ቅንጣት ለማለያየት ነው። ክንዴ እስኪደክም ናጥኩትና መስኮት ላይ አቆምኩት።

አሸዋው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ታች ዘቀጠ። ደለሉ ለመዝቀጥ እስከ ከሰዓት ፈጀበት። ሸክላው ግን የሚወርድ አይደለም። ማታም ውሃው ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ቁጭ ብሏል።

ጥቅምት 24

ሃይላንዱ ጠራ ብሏል። በማስመሪያ ለካሁ። ጠቅላላ ዝቃጩ 9 ሳንቲ ሜትር ነው። አሸዋ 1.5፣ ደለል 2.5፣ ሸክላ 5። ሸክላው ከግማሽ በላይ ነው ማለት ነው።

ይህን ሳይ ትንሽ ደስ አለኝ። ሸክላ አፈር ድሃ አፈር አይደለም። የሸክላ ቅንጣት ከ0.002 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ከማነሱ የተነሳ ውሃም ምግብም ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ችግሩ አያያዙ ነው። ቅንጣቶቹ እንደ ተደራረበ ወረቀት ስለሚጣበቁ አየር አይገባም፣ ሥር አያልፍም። የሚያስፈልገው እነዚህን ቅንጣቶች እየሰበሰበ እንደ እንጀራ ፍርፋሪ የሚያደርጋቸው ሙጫ ነው። ሙጫውን የሚሠሩት ብስባሽ የሚበሉ ረቂቅ ነፍሳትና ትሎች ናቸው። ብስባሽ ከሌለ እነሱም የሉም።

ታዲያ የእኛ አገር መሬት ብስባሽ ለምን አጣ? መልሱ ከአጥሬ ማዶ፣ የጎረቤቴ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይደርቃል።

ጥቅምት 25

ጎረቤቴ እማማ ሁለት ላምና አንድ በሬ አላቸው። ጠዋት ጠዋት እበቱን ጠፍጥፈው ግድግዳው ላይ ይለጥፉታል። የጣታቸው አሻራ ሳይቀር ይታያል። ሲደርቅ ኩበት ነው።

«እማማ፣ እበቱን ይሽጡልኝ» አልኳቸው።

«ልሽጥልህ? ምጣዱስ በምን ይሰማልኛል?»

«ገንዘቡን ከሰል ይግዙበት።»

ሳቁብኝ። «በከሰል እንጀራ ሲጋገር የት አየህ ልጄ?»

እውነታቸውን ነው። የመብራት ምጣድ ቢኖራቸው እንኳ መብራቱ በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። ኩበቱ ደግሞ አይከዳም። ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ይሄዳል። ፖታሲየሙና ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራሉ፣ ሙጫ የሚሆነው ገላ ግን ምጣድ ሥር አለቀ። ይህን ለእማማ ማስረዳት ግን ነውር መሰለኝ። ምሳቸውን እየበላሁ ስለ ማገዶአቸው ልገሥጻቸው?

አመዱን በነፃ ሊሰጡኝ ፈለጉ። ትንሽ ብቻ ወሰድኩ። አመድ አሲድን ይሰብራል። እንደ አዊ ያለው ቀይ አፈር አሲዳማ ስለሆነ ኖራ ያሻዋል። ዋልካ ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ችግር የለበትም፣ አመድ ቢበዛበት ይብስበታል።

ስንለያይ ዓይናቸው የእኔ ባሕር ዛፎች ላይ አረፈ። አጥሬ ዳር ሰባት ዛፍ አለኝ። ቅጠሉ ሥራቸው ላይ ተከምሯል። እኔ ለብስባሽ አስቤው ነበር፤ ግን ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም።

«ያንን ቅጠል ምን ታደርገዋለህ?» አሉኝ።

ስምምነቱ በአንድ ስኒ ቡና አለቀ። አንድ ሸክም የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በአንድ ማዳበሪያ እበት። በነገራችን ላይ ጆንያውን «ማዳበሪያ» ማለታችን ራሱ ይገርመኛል። የያዘው ዕቃ አልቆ ስሙ ከረጢቱ ላይ ቀረ። አሁን በማዳበሪያ ማዳበሪያ ልሸከም ነው።

ጥቅምት 29

የብስባሹን ክምር ሠራሁ። ቀኑን ሙሉ ፈጀ።

በበጋ ጉድጓድ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እርጥበት ይይዛል። የእኔ ዋልካ ግን ጉድጓድ ከተቆፈረበት ገንዳ ነው፤ አንዴ ውሃ ከገባ አይወጣም። ስለዚህ ከመሬት በላይ ከመርኩ። 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር። ከሥር አየር እንዲገባ የበቆሎ አገዳና ጭራሮ አነጠፍኩ። ከዚያ የገብስ ጭድ አንድ ስንዝር፣ እርጥብ አረም ግማሽ ስንዝር፣ እበት አራት ጣት ያህል፣ ላዩ ላይ ጭብጥ አፈር። እንደገና ጭድ። ቁመቱ 1.3 ሜትር ሲሆን አቆምኩ።

ጭዱ ዝናብ መትቶት ከብት የጠላው ነው። ደህናውን ጭድ ለክምር መግዛት አይታሰብም፤ ዋጋው የላም ነው። አረሙ አብዛኛው መጭ ነው፣ ዘር ሳይጥል የነቀልኩት። ደሴ ከምሠራበት ቢሮ ሥር ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች። አተላውን በባልዲ ታጠራቅምልኛለች። መጀመሪያ «ለምንህ ነው?» ብላ ጠረጠረችኝ። አሁን ሚኒባስ ውስጥ ባልዲ ይዤ ስገባ ረዳቱም ለምዶኛል።

ስለ መጠኑ ትንሽ ልበል። ክምሩን የሚያበስሉት ረቂቅ ነፍሳት ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይፈልጋሉ። ጭድ ብቻውን ካርቦኑ ይበዛል፤ ቢከመር ዓመት ይቀመጣል። እበት ብቻውን ናይትሮጅኑ ይበዛል፤ ይሸታል። እኔ ሚዛን የለኝም። ሁለት ባልዲ ደረቅ፣ አንድ ባልዲ እርጥብ እያልኩ ሄድኩ።

ውሃውን በእጅ ነው የምለካው። ጨበጥ ሲያደርጉት እንደ በሶ ጭብጦ መያዝ አለበት። አንድ ሁለት ጠብታ ጠብ ቢል ጥሩ ነው። ከፈሰሰ በዝቷል፣ ከተበተነ አንሷል። ሲያልቅ በአሮጌ ጆንያ ሸፈንኩት። መሀሉ ላይ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ፌሮ ሰካሁ። ቴርሞሜትሬ እሱ ነው።

ህዳር 3

«ጋሼ! ጋሼ! ክምሩ እየተቃጠለ ነው!»

የእማማ የልጅ ልጅ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። ሮጬ ወጣሁ። ክምሩ ይጨሳል። ጭስ ሳይሆን እንፋሎት ነው፤ በቦሩ ሜዳ ብርድ ግን ልዩነቱ አይታይም። ፌሮውን መዝዤ ጫፉን ያዝኩት። ሦስት ሳልቆጥር ለቀቅኩ።

ይህ ሙቀት ነው አረሙን የሚገድለው። መሀሉ ከ55 ዲግሪ በላይ ሆኖ ጥቂት ቀን ከቆየ አብዛኛው የአረም ዘር አይበቅልም። ጠርዙ ላይ ያለው ግን ይተርፋል። ለዚህ ነው የሚገላበጠው፤ ዳሩ መሀል፣ መሀሉ ዳር እንዲሆን።

ልጁ እጁን ሰዶ ሞከረና ሮጦ ሄደ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ድንች ይዞ መጣ። ልንቀብረውና ሊበስል ነው። ድንቹ አልበሰለም። በልቶታል መሰለኝ ግን።

ህዳር 12

ዛሬ ህዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አገሩን ፈጀ፤ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቀን ቤቱ ይጠረጋል፣ ቆሻሻው ይነዳል፣ ሰፈሩ ይታጠናል። እኔ ልጅ ሆኜ በጣም የምወደው ቀን ነበር። ጭሱ ውስጥ እንዘል ነበር።

ዘንድሮ ግን በየደጁ የተከመረውን ቅጠል ሳይ ሆዴ ባባ። የሰፈሩ የዓመት ብስባሽ ማታ ላይ ጭስ ሊሆን ነው። አራት ማዳበሪያ ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ። «ቅጠሉን ለእኔ፣ የቀረውን ለእሳቱ።» ሰው እንደ እብድ አየኝ። ግን ሰጠኝ። እማማ ብቻ ተከራከሩኝ።

«ህዳር ያልታጠነ ቤት ደህና አያድርም።»

«ትንሽ ይተዉልኝና ያጥኑበት።»

ተስማሙ። አንድ እቅፍ አስቀሩ፣ ግራዋም ጨመሩበት። ማታ እኔም ሄጄ ታጠንኩ። ጭሱን እንደ ልጅነቴ ወደድኩት፣ ምን ልዋሽ።

የሰበሰብኩትን ስዘረጋ ግማሹ ፌስታል ነው። የብስኩት ላስቲክ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ እግር ጫማ። ለመልቀም ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ባትሪ ድንጋይ፣ ቀለምና ላስቲክ የነደደበትን አመድ ደግሞ ምግብ የሚበቅልበት መሬት ላይ አልደፋም።

ህዳር 14

ክምሩን ገለበጥኩ። ውስጡ ሲከፈት አሞኒያ ዓይኔን አስለቀሰኝ። እበት አብዝቻለሁ። ያ ሽታ የሚሸሸው ናይትሮጅን ነው። የህዳርን ቅጠል በየመሀሉ ሳስገባበት በማግስቱ ሽታው ጠፋ። ጭዱ ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ነገር አለ። ሻጋታ ይመስላል፣ ግን ሙቀት የሚወድ ባክቴሪያ ነው። ይመቸው።

ህዳር 23

ጅብ ገለበጠው። ጥፋቱ የእኔ ነው። የዶሮ አጥንት ከወጥ ትራፊ ጋር ክምሩ ውስጥ ቀብሬ ነበር። ማታ ሲጮህ ሰማሁ፣ «የሌላ ሰው ጓሮ ነው» ብዬ ተኛሁ። ጠዋት ክምሩ ግቢው ሙሉ ተበትኗል። ሥጋ፣ አጥንት፣ ቅባት ክምር ውስጥ አይገባም። አንብቤው ነበር። ከጅብ መማር ሌላ ነው።

እንደገና ከመርኩ። እንዲያውም በደንብ ተገላበጠ።

ታህሳስ 17

ውርጩ መጥቷል። ጠዋት ጆንያው ላይ ነጭ ነው፣ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ከሥሩ ግን ለብ ያለ ነው። ድመቷ ማደሪያዋን ወደ ክምሩ አዛውራለች። ፌሮው ቀዝቅዟል፤ ከፍቼ ሳየው መሀሉ ደርቋል። ሙቀቱ የቆመው ሥራው አልቆ ሳይሆን ተጠምቶ ነው። አምስት ጀሪካን ጠጣ። አትክልት የታጠበበትን ውሃ ነው የማጠጣው። የሳሙናውን አይደለም።

የካቲት 8

ደረሰ። በምን አወቅህ? ፌሮው ከገለበጥኩትም በኋላ አልሞቀም። ጭዱ ጭድ መሆኑ አይለይም። ሽታው ደግሞ የመጀመሪያ ዝናብ የመታው መሬት ሽታ ነው። ለእማማ አሸተትኳቸው። «ይኼ እበት ነበር?» አሉ፣ ሁለቴ።

በሽቦ ወንፊት ነፋሁት። ያልበሰለው ጭራሮ ለሚቀጥለው ክምር ተቀመጠ። የቀረው 15 ማዳበሪያ ሆነ። ደረቴ ድረስ የነበረ ክምር ጉልበቴ ጋ ወርዷል።

ሒሳቡ እዚህ ጋ አሳፈረኝ። 48 ካሬ ሜትር ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ለመዘርጋት 2.4 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ያለኝ ግማሹ ነው። መላውን ጓሮ በስሱ ከማዳረስ የምሥራቁን ግማሽ በደንብ ልመግብ አልኩ። የምዕራቡ ባዶውን ይቆይ። ማወዳደሪያ ይሆነኛል።

መጋቢት 4

የበልግ ዝናብ ትናንትና ዘነበ። ዛሬ መቆፈር አማረኝ፣ ግን አልቆፈርኩም። እርጥብ ዋልካ ከተረገጠና ከተገለበጠ ያ የተለፋበት ፍርፋሪ ይጨፈለቃል። ትንሽ ወስጄ በመዳፌ ሳሽከረክረው እንደ ገመድ ተጠቀለለ። ገና ነው።

መጋቢት 7

ዛሬ ሳሽከረክረው ተፈረፈረ። ጥዋት ጀመርኩ። ብስባሹን ከላይኛው አንድ ስንዝር አፈር ጋር ብቻ ቀላቀልኩ፤ ጠልቆ መቀበሩ ጥቅም የለውም። ከዚያ ሁለቱንም ግማሽ በመደብ ከፈልኩት። የመደቡ ስፋት 1.2 ሜትር፣ ቁመቱ አንድ ስንዝር፣ በመሀል ቦይ። ውሃው በቦዩ ይሂድ እንጂ ሥር ላይ አይተኛ።

ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ነጭ ሽንኩርት ገባ። ላዩን በጭድ ሸፈንኩት። ግብርናዎች ይህን ጉዝጓዝ ይሉታል። ለበዓል ሣር እንደምንጎዘጉዘው ማለት ነው። ጎመኔ ዓውደ ዓመት ላይ ይመስላል።

ሚያዝያ 22

አንዱ የጎመን መደብ ቢጫ ሆነ፣ ያውም ከምሥራቁ። ሌላው አረንጓዴ ነው። ሌሊቱን ሳስብ አደርኩና ትዝ አለኝ። የተረፈኝን ጭድ እዚያ መደብ ውስጥ ቀብሬዋለሁ። ላዩ ላይ ያለ ጭድ ችግር የለውም። የተቀበረ ጥሬ ጭድ ግን ረቂቅ ነፍሳቱ ሊበሉት ሲረባረቡ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻሙበታል። ጎመኑ ጾሙን ይውላል።

የላም ሽንት አንድ እጅ በአሥር እጅ ውሃ በጥብጬ ሥር ሥሩን አጠጣሁ። «አብሽር፣ ይመለሳል» አሉኝ እማማ ከአጥሩ ማዶ። ሽታውን ግን አልወደዱትም። እኔም።

ግንቦት 11

ጎመኑ ተመልሷል። ከጓደኞቹ ግን አንሶ ቀርቷል።

ሐምሌ 9

የፈለግኩትን ልኬት ዛሬ ለካሁ። በበጋ ብለካ ውሃው በስንጥቁ ይወርድና ያታልለኛል። ስለዚህ ስንጥቁ እስኪዘጋ ጠበቅኩ።

ታችና ላዩ የተቆረጠ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነው መሣሪያዬ። ሦስት ጣት ያህል መሬት ውስጥ ቀበርኩት። አንድ ስኒ ውሃ ጨመርኩበትና ሰዓት ያዝኩ። በምሥራቁ መደብ ውሃው በ17 ደቂቃ ሰረገ። በምዕራቡ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠብቄ አሁንም ቆርቆሮው ውስጥ የራሴን ፊት አያለሁ። ዝናብ መጣና ተውኩት።

ከዚያ በአካፋ አንድ አንድ ጉማጅ አነሳሁ። የምዕራቡ እንደ ሳሙና ተቆርጦ ወጣ፣ ጎኑ ያብረቀርቃል። አንድ ትል። የምሥራቁ አካፋው ላይ ፈረሰ። ፍርፋሪው ምስርና አተር ያህል ነው፣ በመሀሉ የሥር ክር ያልፋል። ሰባት ትል። የእማማ የልጅ ልጅ ነው የቆጠረው። «ስምንት» ብሎኝ ነበር፤ አንዱ ለሁለት የተቆረጠ ሆኖ ተገኘ።

ከአንድ ስንዝር በታች ግን ሁለቱም ያው ዋልካ ናቸው። በአንድ ዓመት የሠራሁት ቅርፊቱን ነው።

ነሐሴ 2

ዝናቡ አላቋረጠም። ጠዋት አጥሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፣ ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው።

«አንተ ልጅ፣ እበቱን አትወስድም?»

«ቅጠሉ እኮ አልቋል እማማ። በምን እለውጥዎታለሁ?»

«ምን ቅጠል አመጣህ! በዚህ ዝናብ ኩበት ይደርቃል እንዴ? ግቢዬን ሞልቶ በቦይ እየሄደ ነው።»

ደንግጬ ቆምኩ። ዓመቱን ሙሉ በጋ ላይ በሸክም ስለዋወጥ፣ ክረምት ላይ እበት ማገዶ እንደማይሆን አንድ ቀን አላሰብኩም። ከሰኔ እስከ ጳጉሜ ያለው እበት ለማንም አይጠቅምም ነበር፤ ዝናቡ ነው የሚወስደው።

ስድስት ማዳበሪያ ሞላሁ። ክምሩን ቆርቆሮ ሥር አደረግኩት፤ ካልተሸፈነ ዝናቡ ምግቡን አጥቦ ይወስድበታል። በዚህ ከቀጠለ ለጥር የምዕራቡ ግማሽ ይደርሳል። እማማም ለጌሿቸው ሁለት ማዳበሪያ ብስባሽ አዝዘዋል።

ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝ። «ማዳበሪያዎቹን ግን መልስልኝ፣ በበጋ የወሰድካቸውም አልተመለሱ።»